በትንሽ ቁልፍ ውስጥ ምን ይግባ? ብስክሌትን ከመንገድ ምሰሶ ጋር ስለማሰር

ጥያቄው፦ «ውስጡ 8.2 በ17.8 ሴንቲሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 13 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ባለ ዩ ቅርጽ ቁልፍ ገዛሁ። ብስክሌቴን የመንገድ ምልክት ከተሰቀለባቸው ምሰሶዎች ጋር ሳስር ፍሬሙን፣ የኋላውን ጎማና ምሰሶውን አንድ ላይ ማስገባት አቃተኝ። ፍሬሙን ብቻ ልሰር? ወይስ ቁልፉን መልሼ ትልቅ ልግዛ?»

ቁልፉን አይመልሱት። መቀየር ያለበት በውስጡ የሚያስገቡት ነገር ነው። ትንሽ ቁልፍ ሁለት ነገር ብቻ ማቀፍ አለበት፦ ምሰሶውንና የኋላውን ጎማ ከነቸርኬው (ጎማው ከተገጠመበት ክብ ጠርዝ ጋር)። ፍሬሙ በቁልፉ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ነገር ግን ቁልፉ ጎማውን የሚይዘው በፍሬሙ የኋላ ሦስት ማዕዘን ውስጥ አልፎ መሆን አለበት። የኋላ ሦስት ማዕዘን የምለው ኮርቻውን በተሸከመው ቱቦ፣ ከኮርቻው ሥር ወደ ኋላ ጎማው መሃል በሚወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎችና ከፔዳሉ መሃል ወደዚያው በሚሄዱት ቱቦዎች የታጠረውን ክፍት ቦታ ነው። ይህ አንድ ቅድመ ሁኔታ ከተሟላ ፍሬሙም ጎማውም ታስረዋል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያነሳው ጥርጣሬ አንድ ነው፤ ጎማው ብቻ ከታሰረ ሌባው የጎማውን ፐርኖ ፈትቶ ፍሬሙን ይዞ አይሄድም ወይ? የፊት ጎማ ብቻ ከታሰረ አዎ፣ በደቂቃ ውስጥ ይሄዳል። የኋላው ግን እንዲህ አይደለም። ቁልፉ ከምሰሶው ተነሥቶ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ አልፎ ቸርኬውን ዞሮ ወደ ምሰሶው ይመለሳል። ሌባው ፐርኖውን ቢፈታና ጎማውን ከማረፊያው ቢያወጣው እንኳ ፍሬሙን ነጻ ለማድረግ መላው ጎማ በሦስት ማዕዘኑ ቀዳዳ ማለፍ ይኖርበታል። የአዋቂ ብስክሌት ጎማ ከዳር እስከ ዳር ከ65 እስከ 74 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የሦስት ማዕዘኑ ጎኖች ደግሞ ሁሉም ከዚህ ያጥራሉ። ስለዚህ ጎማው አይሾልክም። ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የብስክሌት መካኒክ ሼልደን ብራውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ካረፈ በኋላም ብዙዎች በእሱ ስም ይጠሩታል።

አሁን ወደ ልኩ እንግባ፤ የተቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ቁልፉ ሲገባ አንዱ እግሩ ከጎማው ፊት ለፊት፣ ሌላው በራጂዎቹ (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር በሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) መካከል ከቸርኬው ኋላ ያልፋል። ስለዚህ በ8.2 ሴንቲሜትሩ ስፋት ውስጥ የሚያርፈው የጎማውና የቸርኬው ጥልቀት ነው፤ ማለትም ከጎማው የውጭ ገጽ እስከ ቸርኬው የውስጥ ጠርዝ ያለው ርቀት። ለመንገድ ውድድር የሚሆን ቀጭን ብስክሌት 25 ሚሊሜትር ጎማና 20 ሚሊሜትር ገደማ ቸርኬ ካለው ጥልቀቱ 45 ሚሊሜትር ይሆናል። የኮርቻው ቱቦ 28.6 ሚሊሜትር ሆኖ በቱቦውና በጎማው መካከል 6 ሚሊሜትር ክፍተት ቢኖር ድምሩ 79.6 ሚሊሜትር ነው። ከ82 ያንሳል፤ ፍሬምና ጎማ ለጥቂት አብረው ይገባሉ። ቁልፉ ሁለቱንም ያቅፋል ብለው የሚመክሩዎት ሰዎች እንዲህ ያለ ብስክሌት ይዘው ሊሆን ይችላል። ጎማው 35 ሚሊሜትር፣ ቸርኬው 22፣ ቱቦው 32፣ ክፍተቱ 10 ሲሆን ግን ድምሩ 99 ይደርሳል። ምንም ቢያዘነብሉት አይገባም፤ ጥፋቱም የእርስዎ አይደለም።

ጎማው ብቻ ሲገባ ግን ቦታው ይተርፋል። ያው 35 ሚሊሜትር ጎማ ከነቸርኬው 57 ሚሊሜትር ነው። ለተራራ የሚሆን 56 ሚሊሜትር ሰፊ ጎማ እንኳ 20 ሚሊሜትር ቸርኬ ተጨምሮበት 76 ይሆናል፤ ተጣቦም ቢሆን ይገባል። የማይገባው ለአሸዋና ለበረዶ የተሠራው 10 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ጎማ ነው። ለዚያ ብስክሌት ትንሽ ቁልፍ ፈጽሞ አይሆንም።

ርዝመቱ፣ ማለትም 17.8ቱ ሴንቲሜትር፣ ምሰሶውን፣ የጎማውን ወርድና በመካከላቸው ያለውን ባዶ ርቀት ይሸከማል። ምሰሶው 6 ሴንቲሜትር፣ ጎማው 3.5 ሴንቲሜትር ከሆነ የሚቀረው 8.3 ነው። እንግዲህ ጎማውን ከምሰሶው ከ8 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት አስጠግተው ማቆም አለብዎት። ሰፊ ኮርቻ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛና የጎን ቦርሳ እንዳይጠጋ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። ቦርሳውን ያንሱ፤ ኮርቻው ከምሰሶው ጋር ከተጋጨ ብስክሌቱን አንድ ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ኮርቻው ምሰሶውን እንዲያልፍ ያድርጉ፤ ካልሆነም የጎማውን ታች ወደ ምሰሶው አስጠግተው ብስክሌቱን ወደ ውጭ ያዘንብሉት። በምሰሶው በኩል ያለው ፔዳል ወደ ፊት ይዙር፤ ወደ ኋላ ከዞረ ከምሰሶው ጋር እየተጋፋ ያርቅዎታል።

ምሰሶውን ሳይለኩ አይገምቱ፤ ዓይን በክብ ነገር ላይ በጣም ይሳሳታል። ክር ወይም የጫማ ማሰሪያ ይጠቅልሉበትና ዙሪያውን ለ3.14 ያካፍሉ። ዙሪያው 19 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ ምሰሶው 60 ሚሊሜትር ነው፤ በብዙ አገር የምልክት ምሰሶ የሚሠራበት ቱቦላሬ ነው፣ ለእርስዎ ቁልፍም እጅግ ይስማማል። ዙሪያው 24 ከደረሰ 76 ሚሊሜትር ነው፤ ሦስት ሦስት ሚሊሜትር በየጎኑ ይተርፈዋል፣ ቀለሙ ያበጠበት ወይም ምልክቱን ያሰረው ቀለበት ያለበት ቦታ ላይ ግን አይገባም። ከ25 ሴንቲሜትር ዙሪያ በላይ ከሆነ ይተዉት። የመንገድ መብራት ምሰሶዎች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይወፍራሉ፤ በእነሱ ላይ በመሞከር ጊዜ አያባክኑ። ክሩ ላይ 25 ሴንቲሜትር የሆነበትን ቦታ በቋጠሮ ምልክት አድርገው ከቁልፉ ጋር ቢይዙት መንገድ ላይ ሒሳብ አያስፈልግዎትም፤ የክሩ ጫፍ ምሰሶውን ዞሮ ቋጠሮው ጋ መድረስ ካቃተው ምሰሶው ወፍራም ነው፣ አይሆንም ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የብስክሌቱን ግራ ጎን ወደ ምሰሶው ያዙሩ። ቀኝ ጎኑ ሰንሰለትና ማርሽ መቀየሪያ ያለበት ስለሆነ ከምሰሶ ጋር ሲጋጭ መቀየሪያው ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ ማርሹ መንሸራተት ይጀምራል። የምሰሶው ቦታ በኋላው ሦስት ማዕዘን ትክክል ይሁን። ከዚያ ጎማውን በእጅዎ አዙረው የንፋስ መሙያው ከቁልፉ ማለፊያ እንዲርቅ ያድርጉ፤ ቁልፉ ከመሙያው ጋር ተደግፎ ብስክሌቱ ሲነካካ መሙያው ከሥሩ ይሰነጠቃል። አሁን ቅስቱን (የዩ ቅርጽ ያለውን ብረት) ከቀኝ በኩል ያስገቡ፤ አንዱ እግር በኮርቻው ቱቦና በጎማው መካከል፣ ሌላው በሁለት ራጂዎች መካከል ከቸርኬው ሥር ይለፍ። ሁለቱም እግሮች በግራ በኩል ወጥተው ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ ይይዙታል፤ መዝጊያውን አግዳሚ ከምሰሶው ማዶ ይግጠሙ። በተቃራኒው ማድረግ፣ ማለትም ቅስቱን በምሰሶው በኩል አድርጎ አግዳሚውን ጎማው ጋ መግጠም ይቻላል፤ ነገር ግን አግዳሚው ወፍራም ስለሆነ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች መካከል አልገባ ይላል፣ ቀለም ይልጣል።

የት ላይ? ይህን ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም «አይገባም» የሚሉ ሰዎች ቦታውን እየሳቱ ነው። የኮርቻው ቱቦ ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ስለዚህ ጎማው ከቱቦው ጋር በጣም የሚቀራረበው ከጎማው መሃል አሥር ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። እዚያ ያለው ክፍተት ከአንድ ሴንቲሜትር ሊያንስ ይችላል፤ 13 ሚሊሜትር ብረት ደግሞ ፕላስቲክ ልባሱ ሲጨመርበት 15 ወይም 16 ይሆናል፤ አያልፍም። ከዚያ ነጥብ ወደ ላይ ሲወጡ ጎማው ወደ ኋላ ይጎብጣል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ከፍሬኑ በታች ያለው ያ ሰፊ ማዕዘን ነው የቁልፉ ማለፊያ። የኋላው እግር በራጂዎቹ መካከል ሲያልፍም በሦስት ማዕዘኑ ክልል ውስጥ መሆኑን ይመልከቱ። ወደ ታች ወርደውና ቀጫጭን ቱቦዎቹን አልፈው ከኋላ ባለው የጎማ ክፍል ላይ ካሰሩ የታሰረው ጎማ ብቻ ነው፤ ፍሬሙ ነጻ ነው። አስረው ሲጨርሱ ጣትዎን በቁልፉ ላይ አስከትለው ያረጋግጡ፦ ቁልፉ ጎማውን የያዘው ከኮርቻው ቱቦ በስተኋላ፣ ከወራጆቹ ቱቦዎች በስተፊት ነው ወይ?

ፓራፋንጎ ካለ የፊተኛው እግር በፓራፋንጎውና በቱቦው መካከል ማለፍ ስላለበት ጥልቀቱ ላይ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ይጨምሩ። 42 ሚሊሜትር ጎማ ከነፓራፋንጎው ለጥቂት ይሆናል፤ 50ው ግን ወሰኑ ላይ ነው። የፍሬን ዲስክ ያለበት ብስክሌት ደግሞ ዲስኩ በግራ በኩል፣ ወደ ጎማው መሃል ነው። ቁልፉ ከቸርኬው አጠገብ ስለሚያልፍ አይነካውም፤ ሲያስገቡና ሲያወጡ ግን ብረቱ ዲስኩን እንዳይመታ ይጠንቀቁ፤ ትንሽ ከተጣመመ ጎማው በዞረ ቁጥር እየታከከ ይጮሃል።

የቁልፍ ትንሽነት ጉድለት አድርገው እንዳያዩት እፈልጋለሁ። ባለ ዩ ቁልፍ ከሚሰበርባቸው መንገዶች አንዱ ፍልቀቃ ነው፤ ሌባው በባዶው ቦታ የብረት ዘንግ ወይም ክሪክ ከትቶ እግሮቹን ከአግዳሚው ይገነጥላቸዋል። ዘንጉ ለመሥራት መወዛወዣ ይፈልጋል፣ ክሪክም ለመግባት ቁመት ይፈልጋል። በውስጡ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ የቀረበት ቁልፍ ለሁለቱም አይመችም። ሌላው መንገድ ብስክሌቱን ራሱን ዘንግ አድርጎ ማዞር ነው፤ ፍሬሙን ገልብጦ ቁልፉን በምሰሶው ላይ ይጠመዝዘዋል። እዚህም ቁልፉ ከተጣበበ ብስክሌቱ ገና ሳይዞር ይያዛል፤ ቢገፋበትም የሚጣመመው ሊሰርቀው የመጣው ጎማና ፍሬም ነው። ትልቅ ቁልፍ ገዝተው ያው ጎማና ያው ምሰሶ ቢያስሩበት ከ12 እስከ 15 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ለሌባው ትተውለታል። ስለዚህ ከጨረሱ በኋላ የቀረውን ክፍተት ይመልከቱ። አራት ጣት በአንድ ላይ የሚገባ ከሆነ ብስክሌቱን ከምሰሶው አርቀው አልያም ምሰሶው ቀጭን ሆኖ ነው፤ ቦታ ያስተካክሉ።

ቁልፉ ከመሬት ይራቅ። መሬት ላይ የተኛ ቁልፍ ሁለት ነገር ያመጣል፤ በመዶሻ ሲመታ መሬቱ ከሥር ይደግፋል፣ ባለ ረጅም እጀታ መቁረጫም አንዱን እጀታ መሬት ላይ አስደግፎ በሌላው ላይ መላ ሰውነትን መጫን ያስችላል። ቀደም ብዬ ያመለከትኩት ቦታ ከጎማው መሃል በላይ ስለሆነ ይህን ችግር አብሮ ይፈታዋል። የመክፈቻው ቀዳዳም ወደ ታች ይዙር፤ ዝናብና አቧራ አይገባበትም፣ ለሚጎረጉረውም ሰው አይመችም።

ቁልፍ ያማረ ቢሆን ምሰሶው ካልታመነ ከንቱ ነው፤ ሰዎችም በብዛት የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው። ከማሰርዎ በፊት ምሰሶውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይ ይንጠቁት፣ ከዚያ ያነቃንቁት። በኮንክሪት ውስጥ በደንብ የተቀበረ ምሰሶ አይንቀሳቀስም። ከሥሩ በብሎን የታሰረ ከሆነ ብሎኖቹ መኖራቸውን ይመልከቱ፤ ሌቦች አስቀድመው ፈትተው እንደቆመ የሚተዉት ምሰሶ አለ፣ ማታ መጥተው ከነብስክሌቱ ያነሡታል። የተሰቀለው ምልክት ከቁልፉ ስፋት የሚበልጥና ከፍ ያለ መሆን አለበት። አናቱ ላይ ምንም የሌለው ምሰሶ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን እንኳ ለሁለት ሰዎች ቀላል ነው፤ ብስክሌቱን ከፍ አድርገው ያወጡታል። ምልክቱ በሁለት ትንንሽ ዳዶ ብቻ የተያዘና እጅ የሚደርስበት ከሆነም ያው ነው። እስከ ወገብ የሚደርሱ አጫጭር የመኪና መከልከያዎች ለብስክሌት ማሰሪያ አይሆኑም።

በብስክሌት ማቆሚያ ብረት ላይ ሲያስሩ ደግሞ በእጅዎ ዙሪያውን ይዳስሱ። የተለጠፈ ወረቀት ወይም የተጠቀለለ ፕላስተር ካዩ ያንሡት፤ ብረቱ ከሥሩ በመጋዝ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። በብየዳ የተያያዘ ብረት በብሎን ከተያያዘው ይሻላል። የግንባታ ርብራብ መያዣው በአንድ መፍቻ ይፈታል። የሽቦ አጥር በተራ ፒንሳ ይቆረጣል። የእንጨት ምሰሶ መጋዝ ለያዘ ሰው ምንም አይደለም። ዛፍ ላይ አያስሩ፤ ልጡ ይጎዳል፣ ቀጭን ግንድም ብስክሌት ለመስረቅ ሲባል የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። ለማየት ለተሳናቸው ሰዎች መሪ የሆነ የወለል ምልክት ያለበትን ቦታ፣ የደረጃ መደገፊያንና የተሽከርካሪ ወንበር ማለፊያን ክፍት ይተዉ። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እንቅፋት የሆነ ብስክሌት በደንብ አስከባሪ ቁልፉ ተቆርጦ ሊወሰድ ይችላል።

የፊት ጎማው አሁንም ነጻ ነው። በእጅ በሚፈታ ምላስ የተያዘ ከሆነ ለመውሰድ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ርካሹና የሚበቃው መፍትሔ ምላሱን አውጥቶ በባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ በሚፈታ ዘንግ መተካት ነው። ከዚህ የሚሻለው ለራሱ ብቻ የተሠራ ልዩ መፍቻ ያለው ዓይነት ነው፤ መፍቻውን ቤት እንዳይረሱት፣ ጎማ ሲተነፍስ መንገድ ላይ ያስፈልግዎታል። ሦስተኛው አማራጭ ባለ ሁለት ቀለበት የሽቦ ገመድ ነው፤ አንዱን ጫፍ በሌላው ቀለበት ውስጥ አሹልከው በፊት ጎማው ያስሩትና የቀረውን ቀለበት በቁልፉ አንድ እግር ላይ ያጠልቃሉ። ገመዱ 10 ሚሊሜትር ቢሆንም በእጅ መቁረጫ ይቆረጣል፤ ጎማውን ሊያነሣ ብቻ የመጣውን ሰው ያስቆማል እንጂ መሣሪያ የያዘውን አያስቆምም። ፍሬሙን በእንዲህ ያለ ገመድ ብቻ ማሰር ፈጽሞ አይታሰብ። ኮርቻውም በምላስ የሚፈታ ከሆነ በብሎን ይቀይሩት። ለዘለቄታው ማሰር ለሚፈልግ፣ አሮጌ የብስክሌት ሰንሰለት በአሮጌ ከመነዳሪ ውስጥ አስገብቶ ከኮርቻው ሥር ባሉት ሽቦዎችና በወራጆቹ ቱቦዎች ዙሪያ መዝጋት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ላስቲኩ ቀለሙን ይጠብቃል። መብራትና የፍጥነት መለኪያ በኪስ ይሂዱ።

ሌባው ቸርኬውን በመጋዝ ቆርጦ ብስክሌቱን ማስለቀቅ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ ይገባዋል። ራጂዎቹ ቸርኬውን ወደ መሃል ይስቡታል፤ በኋላ ጎማ በሰንሰለቱ በኩል ያሉት እያንዳንዳቸው ወደ 100 ኪሎ ግራም ገደማ በሚሆን ኃይል ነው የሚወጠሩት። ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስም በላዩ ላይ ይጨመቃል። በዚህ የተነሣ ቸርኬው ሁልጊዜ በጭነት ላይ ነው፤ መጋዝ ጥቂት ሲገባበት የተቆረጠው ቦታ ተጠግቶ ምላጩን ይነክሰዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ጎማውንና በጠርዙ ውስጥ ያለውን ጠንካራ ክር ወይም ሽቦ መቁረጥ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ የሚገኘው የኋላ ጎማ የሌለው ብስክሌት ነው፤ የኋላ ጎማ ደግሞ ከብስክሌቱ ውድ ክፍሎች አንዱ ነው። ለአብዛኛው ብስክሌት ይህ ሒሳብ ሌባውን አያዋጣውም። የሚያዋጣበት ሁኔታ ግን አለ፤ ፍሬሙ እጅግ ውድ፣ ጎማው ርካሽ ሲሆን፣ ወይም ቸርኬው ካርቦን ሲሆን። ሌባው ግራይንደር ወይም ትልቅ መቁረጫ ከያዘም ቸርኬው ከቁልፉ ቀድሞ ይሸነፋል። እንዲህ ያለ ብስክሌት ካለዎት ትንሹን ቁልፍ በቸርኬው ላይ ይተዉና ፍሬሙን በሁለተኛ ቁልፍ ከምሰሶው ጋር ይሰሩ። ሁለተኛው ሌላ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ለምሳሌ የተጠናከረ ሰንሰለት። ለሁለት ዓይነት ቁልፍ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ሊያስፈልግ ይችላልና።

የኋላ ክፍላቸው በስፕሪንግ የሚንቀሳቀስ ብስክሌቶች ላይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በእነዚህ የኋላው ማዕቀፍ ከዋናው ፍሬም ጋር በብሎን የተያያዘ ነው፤ ብሎኑ ከተፈታ ዋናው ፍሬም ለብቻው ይወጣል። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ለአጭር ጉዳይ ችግር የለውም፣ ብስክሌቱን ለረጅም ሰዓት ለሚተው ግን ፍሬሙን የሚይዝ ሁለተኛ ቁልፍ ግድ ነው። ተጣጣፊ ትንንሽ ብስክሌቶችም ጎማቸው ስለሚያንስ ከላይ የተናገርኩት የጎማና የሦስት ማዕዘን ልኬት ሁልጊዜ አይሠራላቸውም፤ እነሱን በፍሬሙ ዋና ቱቦ ወይም በሦስት ማዕዘኑና በጎማው በአንድነት ይሰሯቸው፣ ይልቁንም አጥፈው ይዘው ይግቡ።

ስለ ራሱ ስለ ቁልፉ። 13 ሚሊሜትር የተጠናከረ ብረት በእጅ መቁረጫ አይበገርም ማለት ይቻላል፤ ከ10 ወይም 11 ሚሊሜትር በታች ያለው ግን በትልቅ መቁረጫ አደጋ ላይ ነው። የሁለቱም እግሮች ጫፍ አግዳሚው ውስጥ መቆለፉን ያረጋግጡ። በአንድ በኩል ብቻ የሚቆለፍ ቁልፍ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ተጠምዝዞ ይወጣል፤ በሁለቱም በኩል የሚቆለፈው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ መቆረጥ ይፈልጋል፣ ጊዜውም እጥፍ ይሆናል። በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር 13 ሚሊሜትር ብረትን በደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፤ ድምፁና ፍንጣሪው ግን ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሰማል፣ ይታያል። ቦታ ሲመርጡ ይህን ያስቡ፤ ለማሰር የተመቸ ምሰሶ ጭር ባለ ቅያስ ውስጥ ከሚሆን፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሰው የሚያልፍበት ላይ ይሁን። የግራይንደሩን ድንጋይ የሚያሟሙ ልባስ ያላቸው ቁልፎችም አሉ፤ ይከብዳሉ፣ ነገር ግን በየቀኑ አንድ ቦታ ለረጅም ሰዓት ለሚያስር ሰው ይመጥናሉ።

ጥራቱን ለመለየት የሻጩን ቁጥር አይመኑ። «ከ10 ስንት» ብሎ ራሱ ኩባንያው የሚሰጠው ነጥብ ከሌላ ኩባንያ ነጥብ ጋር አይወዳደርም። በብሪታንያ ሶልድ ሴኪዩር የሚባለው ፈታኝ ተቋም ቁልፎችን ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና አልማዝ በሚል ይመድባል፤ በኔዘርላንድ ኤ.አር.ቲ. ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ከሁለቱ የአንዱ ምልክት ካለበት ቢያንስ በመሣሪያ ተሞክሯል ማለት ነው። የመክፈቻውን ዓይነትም ይመልከቱ። ቀዳዳው ክብ፣ መክፈቻው እንደ ቱቦ የሆነ አሮጌ ቁልፍ ከሆነ ይተዉት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዲህ ያሉ ቁልፎች በባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈቱ በአደባባይ ታይቶ አምራቾች ወደ ጠፍጣፋ መክፈቻ ዞረዋል። አሮጌዎቹ ግን በሁለተኛ እጅ ገበያ ዛሬም አይጠፉም።

ቁልፉን ለመሸከም በመሪው ላይ አያንጠልጥሉት፤ ሲወዛወዝ መሪውን ይስባል። በወገብ ቀበቶ ላይ ወይም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ጋር በላስቲክ ታስሮ ይሂድ። ቀበቶ ላይ ከሆነ በጎን በኩል ይሁን እንጂ በጀርባ አጥንት ላይ አይሁን፤ ሲወድቁ ያ ብረት ጀርባ ላይ ያርፋል።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ዝናብ ከበዛም ቶሎ ቶሎ፣ የመክፈቻው ቀዳዳና እግሮቹ የሚገቡባቸው ሁለቱ ጉድጓዶች ውስጥ ጠብታ ቀጭን ዘይት ወይም ደረቅ ማለስለሻ ያድርጉና መክፈቻውን ጥቂት ጊዜ ያመላልሱ። ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ለተጣበቀ ቁልፍ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን የነበረውን ቅባት አጥቦ ስለሚሄድ ከሱ በኋላ ዘይት መከተል አለበት። መክፈቻው ሲከብድ በኃይል አያዙሩት፤ ጠፍጣፋ መክፈቻ ውስጥ ሲሰበር ቁልፉን ከምሰሶው ለማንሣት ግራይንደር የሚያስፈልገው ባለቤቱ ራሱ ይሆናል። ትርፍ መክፈቻውን ቤት ያስቀምጡ፣ በላዩ ያለውን ቁጥር በሌላ ቦታ ይጻፉ፤ ብዙ አምራቾች ምትክ የሚልኩት በዚህ ቁጥር ነው። ከፔዳሉ መሃል ሥር የተቀረጸውን የፍሬም ቁጥርም ብስክሌቱን ገልብጠው ፎቶ ያንሡት።